ታብሌቱ ዋይፋይ ላይ አልረጋ ሲል

አክስቴ ታብሌቱን ያገኙት አሜሪካ ካለው ልጃቸው ነው። ዓይናቸው ስለደከመ የስልክ ስክሪን አይመቻቸውም። በታብሌቱ ግን የልጅ ልጆቻቸውን ፊት ሰፋ አድርገው ያያሉ። ጠዋት ጠዋት ቡና እየጠጡ መዝሙር ይከፍታሉ። ሁለት ሳምንት እንደተጠቀሙበት ደወሉልኝ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር ኔትወርክ አይበረክትለትም። አለ ስል ይጠፋል። የልጅቷ ስልክ በዚያው ዋይፋይ እየሠራ የኔው ብቻ ነው የሚጠፋው።»

ቤታቸው ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ለመንኳቸው። «በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ደብተር ላይ ይጻፉልኝ። ያኔ ቤት ውስጥ ምን እንደነበረም ይጻፉ። ሦስት ቀን ብቻ።» ጻፉ። መልሱ የተገኘው ከዚያ ደብተር ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ደብተሩን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ታብሌት ሲቆራረጥ አብዛኞቻችን ያገኘነውን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንነካካለን። ራውተሩን፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ሳጥን፣ እናጠፋለን፣ ፓስወርድ እንቀይራለን፣ ብለን ብለን ታብሌቱን ሪሴት እናደርገዋለን። ለሁለት ቀን ይሠራል። በሦስተኛው ቀን ችግሩ ይመለሳል። የትኛው እንደረዳ አናውቅም፣ የትኛው እንዳበላሸም አናውቅም። ስለዚህ እኔ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ መቼ ነው የሚጠፋው?

ስክሪኑ ጠፍቶ ሲቆይ? መኝታ ቤት ሲገባ? ማታ ማታ? እንግዳ ሲበዛ? መብራት ሄዶ ሲመጣ? እያንዳንዱ መልስ ወደ ሌላ ቦታ ይመራል።

ዋይፋይ ሌላ፣ ኢንተርኔት ሌላ

«ዋይፋይ የለም» ስንል ሁለት ነገር እንቀላቅላለን። ዋይፋይ ከታብሌቱ እስከ ራውተሩ ያለችው አጭር መንገድ ናት። ቢበዛ ከሳሎን እስከ ጓሮ። ኢንተርኔት የሚመጣው ደግሞ ከራውተሩ ወዲያ ካለው መስመር ነው፤ በፋይበር፣ በስልክ ሽቦ ወይም ሲም ካርድ በሚገባበት የ4ጂ ራውተር። የመጀመሪያዋ መንገድ ደህና ሆና ሁለተኛው መስመር ሊቋረጥ ይችላል። በተቃራኒውም ይሆናል።

ለመለየት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ታብሌቱ እንደተቋረጠ ሌላ ስልክ አንሱ። የስልኩን የሞባይል ዳታ አጥፉ። በዚያው ዋይፋይ አንድ ገጽ ክፈቱ። ዳታውን ማጥፋቱን አትርሱ፤ ስልኩ ዋይፋዩን ትቶ በዳታ እየሠራ «ይኸው እኮ ይሠራል» ተብሎ ስንት ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ። ስልኩም ካልከፈተ ታብሌቱ ከደሙ ንጹሕ ነው። ችግሩ ራውተሩ ጋ ወይም ከሱ ወዲያ ነው። ስልኩ ከፍቶ ታብሌቱ ብቻ ከቀረ ጉዳዩ በታብሌቱና በራውተሩ መካከል ነው።

አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። ራውተሩን ገልብጡት። ሆዱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 የሚመስል ቁጥር ታገኛላችሁ። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ያንን ቁጥር በታብሌቱ ብሮውዘር ላይ ጻፉት። የራውተሩ የራሱ ገጽ ከተከፈተ ዋይፋያችሁ ደህና ነው ማለት ነው። የተቋረጠው የውጭው መስመር ነው። ያኔ ታብሌቱን ትታችሁ አገልግሎት ሰጪው ጋ ደውሉ። ስትደውሉም «ራውተሩ ገጽ ላይ እገባለሁ፣ ከሱ ወዲያ ግን አይሄድም» በሉ። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር የግማሽ ሰዓት ንግግር ታስቀራለች።

ከዋይፋይ ምልክቱ አጠገብ ቃለ አጋኖ የሚመጣበት ጊዜም አለ። ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድሮይድ ታብሌት ዋይፋይ ላይ ሲገባ ወደ ጉግል አንድ ትንሽ ጥያቄ ይልካል። የሚጠብቀው ባዶ መልስ ነው፣ ቁጥሩ 204 የሆነ። አይፓድም እንደዚሁ የአፕልን ገጽ ይጠይቃል። መልሱ ካልመጣ ታብሌቱ «ተገናኝቷል፣ ግን ኢንተርኔት የለም» ይላል። ስለዚህ ቃለ አጋኖው ስለ ሲግናል ጥንካሬ የሚናገረው ነገር የለም። የሚለው «ጥያቄ ልኬ መልስ አላገኘሁም» ነው። ሲም የሚይዝ ታብሌት ከሆነ ደግሞ በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ ወደ ሞባይል ዳታ ሊሻገር ይችላል። ካርዳችሁ ያለ ምክንያት የሚያልቅ ከመሰላችሁ ሴቲንግ ውስጥ «ስዊች ቱ ሞባይል ዳታ» የምትለውን ፈልጋችሁ አጥፏት።

ስክሪኑ ሲጠፋ የሚጠፋ

ይህ ከሁሉ የተለመደው ነው። ታብሌቱን አስቀምጣችሁ ትሄዳላችሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትከፍቱት ዋይፋዩ የለም፤ ወይም ከ10 ሰከንድ በኋላ ይመለሳል።

ታብሌት ባትሪ ቆጣቢ ነው። ስክሪኑ ሲጠፋ የዋይፋይ ክፍሉንም ያስተኛዋል። ራውተሩ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል «እዚህ ነኝ» እያለ ይጣራል። በጥሪው ላይ «ለእገሌ መልእክት አስቀምጫለሁ» የሚል ማስታወሻም ይጨምራል። የተኛው ታብሌት በየመሃሉ ነቃ እያለ ያንን ጥሪ ይሰማል። ለሱ የመጣ ካለ ተነስቶ ይቀበላል፣ ከሌለ መልሶ ይተኛል። ሁለቱ ሲግባቡ ተጠቃሚው ምንም አይታወቀውም። ታብሌቱ እንቅልፉ ሲከብድ፣ ወይም ራውተሩ «ይሄ ሰው ሄዷል» ብሎ ከዝርዝሩ ሲሰርዘው ነው ጣጣው።

መጀመሪያ ባትሪ ቆጣቢው በርቶ እንደሆነ እዩ። ባትሪው ዝቅ ሲል ራሱ የሚበራበት ታብሌት ብዙ ነው። በድሮዎቹ አንድሮይዶች ላይ ደግሞ በዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ «በእንቅልፍ ጊዜ ዋይፋይ ይብራ?» የሚል ምርጫ ነበር፤ ሁልጊዜ፣ ቻርጅ ላይ ሲሆን ብቻ፣ በፍጹም የሚሉ ሦስት መልሶች ያሉት። ልጆች የሚጫወቱበት አሮጌ ታብሌት ካላችሁ «ሁልጊዜ» የምትለውን ምረጡ።

ጥሩ ምርመራ ልንገራችሁ። ታብሌቱን አንድ ሌሊት ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ተዉት። በማግሥቱ ሳትሰኩት ተዉት። ሲሰካ ካልጠፋ፣ ሳይሰካ ከጠፋ፣ ነገሩ ኃይል ቁጠባ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንዳታምታቱ። ዋይፋዩ ሳይቋረጥ የቴሌግራም ወይም የዋትሳፕ መልእክት ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ያ የዋይፋይ ችግር አይደለም። ታብሌቱ አፑን አስተኝቶት ነው። የአፑን የባትሪ ሴቲንግ ገብታችሁ ገደቡን አንሱለት።

መኝታ ቤት ሲገባ የሚጠፋ

ዋይፋይ ማለት በሁለት በኩል የሚደረግ ንግግር ነው። ራውተሩ ይናገራል፣ ታብሌቱ ይሰማል። ታብሌቱም ይመልሳል፣ ራውተሩ ይሰማል። ራውተሩ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ኃይል አይቸገርም፣ ድምፁ ጎላ ያለ ነው። ታብሌቱ ግን በባትሪ ስለሚሠራና አንቴናው ትንሽ ስለሆነ ድምፁ ቀጭን ነው። ስለዚህ ታብሌቱ ላይ ሦስት መስመር ሲግናል እያያችሁ ግንኙነቱ ሊቋረጥ ይችላል። እናንተ የምታዩት ታብሌቱ ምን ያህል እንደሚሰማ ነው። ራውተሩ ታብሌቱን ምን ያህል እንደሚሰማ ግን እነዚያ መስመሮች አይነግሯችሁም። «ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ግን አይሠራም» የሚለው ሮሮ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ሲግናል የሚለካው ዲቢኤም በሚባል መለኪያ ሲሆን የሚጻፈው ከዜሮ በታች ነው። ከዜሮ በታች 50 በጣም ጥሩ ነው። ከዜሮ በታች 67 አካባቢ ለቪዲዮ ጥሪ ይበቃል። ከዜሮ በታች 80 ሲደርስ ግንኙነቱ በክር ተንጠልጥሏል። ቁጥሩ በ10 ሲወርድ ኃይሉ 10 እጥፍ ይቀንሳል፤ ከ60 ወደ 70 መውረድ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ይህን ቁጥር የሚያሳዩ ነጻ አፖች በአንድሮይድ ላይ በብዛት አሉ።

አሁን ራውተሩ የተቀመጠበትን ቦታ እዩት። በብዙ ቤት ያየሁት ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ዳንቴል ለብሶ ነው። ዳንቴሉ ሞገዱን አይከለክልም፣ ሙቀቱን ግን ያፍነዋል። ቴሌቪዥኑ በውስጡ ብረት አለበት። የቡፌው መስተዋት ጀርባው ብረት የተቀባ ነው። ሁለቱም ሞገዱን መልሰው ይገፉታል። ራውተሩን ከዚያ አውጥታችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ከቤቱ መሃል አካባቢ ብታስቀምጡት ብቻ የሚፈታ ችግር ስንት ነው! ገንዘብ የማያስወጣ መፍትሔ ስለሆነ ይመስለኛል ማንም የማያስታውሰው።

ግድግዳውም ይለያያል። ሞገድ የእንጨትና የጭቃ ግድግዳን ያልፋል። ብሎኬት ያዳክመዋል። ፌሮ የገባበት ወፍራም ኮንክሪት በጣም ያዳክመዋል። ቆርቆሮ ደግሞ ጭራሽ አያሳልፍም፤ በቆርቆሮ የተሠራ ማእድ ቤት ውስጥ ታብሌት ይዞ የምግብ አሠራር ቪዲዮ ለማየት የሞከረ ያውቀዋል። እስራኤል ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ ማማድ የምትሉት የመጠለያ ክፍል አላችሁ። ግድግዳው ፌሮ የበዛበት ኮንክሪት፣ በሩና የመስኮቱ መዝጊያ ብረት ነው። በሩ ሲዘጋ ታብሌቱ ቢቋረጥ አይግረማችሁ። እዚያ ክፍል የሚተኛ ልጅ ካለ ገመድ ጎትቶ ሁለተኛ የዋይፋይ ሳጥን ማስገባት ነው የሚያዋጣው።

ዋይፋይ የሚሄድባቸው ሁለት ዋና ባንዶች፣ ማለትም የሞገድ መንገዶች፣ አሉ፤ 2.4 ጊጋኸርዝና 5 ጊጋኸርዝ። 2.4 ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳ ይችላል፣ ግን መንገዱ ይጨናነቃል። 5 ፈጣን ነው፣ ግን ሁለት ግድግዳ ካለፈ ይደክማል። ብዙ ራውተር ሁለቱንም በአንድ ስም ያሰራጫል። ታብሌቱ ሳሎን ውስጥ 5ን ይይዛል። መኝታ ቤት ሲገባ 5 ይደክማል። ወደ 2.4 መሻገር አለበት። አንዳንዱ ታብሌት እዚህ ላይ ይደናበራል፤ የደከመውን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፣ ወይም ሁለቱን እያማረጠ መሃል ላይ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ራውተሩ ገጽ ላይ ገብታችሁ ሁለቱን ባንዶች በተለያየ ስም ሰይሟቸው። ታብሌቱን መኝታ ቤት የምትጠቀሙበት ከሆነ 2.4ን ብቻ አስይዙት። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ግን ይረጋል።

ሪፒተር (የራውተሩን ሲግናል ተቀብሎ ወደ ሩቅ የሚያሰራጭ ሳጥን) ያላቸው ቤቶችም ይህን ያውቁታል። ታብሌቱ ሪፒተሩ አጠገብ ቆሞ የሩቁን ራውተር አልለቅም ይላል። ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ያስተካክለዋል።

5 ጊጋኸርዝ ላይ ብዙም የማይነገር ሌላ ነገር አለ። ይህ ባንድ ቻናል በሚባሉ ጠባብ መስመሮች ይከፈላል። ከቻናሎቹ አንዳንዶቹን ራዳሮችም ይጠቀሙባቸዋል፤ የአየር ሁኔታ ራዳርን ጨምሮ። ራውተሩ በእነዚህ ቻናሎች ላይ ሆኖ የራዳር ምልክት ከሰማ ቻናሉን ለቆ የመውጣት ግዴታ አለበት። ያኔ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይቋረጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ኤርፖርት አካባቢ የምትኖሩ ከሆነና 5 ላይ ያለው ሁሉ አልፎ አልፎ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ቻናሉን ከ36፣ 40፣ 44 ወይም 48 አንዱ ላይ አስሩት። እነዚህ ላይ ያ ግዴታ የለም።

ማታ ማታ የሚጠፋ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ የዋይፋይ ዝርዝሩን ክፈቱና የጎረቤት ስሞችን ቁጠሩ። 15፣ 20 ታገኛላችሁ። ብዙዎቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የሚጋፉ ናቸው። በአብዛኛው ዓለም ይህ ባንድ 13 ቻናሎች አሉት። ቻናሎቹ ግን ይደራረባሉ። ሳይነካኩ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ፊልም ሲከፍት መንገዱ ይዘጋጋል። ቀጭን ድምፅ ያለው ታብሌት ደግሞ ቀድሞ የሚሸነፍ ነው።

መፍትሔው ከሦስቱ ቻናሎች የትኛው ሰው እንዳነሰበት ሲግናል በሚያሳይ አፕ አይቶ እዚያ ላይ መቀመጥ ነው። የቻናሉ ስፋት 40 ሜጋኸርዝ ከሆነ ወደ 20 ቀንሱት። ሰፊ ቻናል በተጨናነቀ ሰፈር የጠብ ምንጭ ነው። ታብሌቱ 5 ጊጋኸርዝ የሚይዝ ከሆነ እና ራውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ 5 ይገላግላችኋል።

ማይክሮዌቭ ምግብ ማሞቂያም በ2.45 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠራው። በሩ አካባቢ ትንሽ ሞገድ ያመልጠዋል። ምግብ ሲሞቅ ለሁለት ደቂቃ የሚጠፋ ዋይፋይ ካላችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የብሉቱዝ ማዳመጫም የሚሄደው በዚሁ ባንድ ነው። ማዳመጫ ሲደረግ ብቻ የሚንተባተብ ታብሌት አጋጥሞኝ ያውቃል። 5 ላይ ስናስገባው ተወው።

እንግዳ ሲበዛ የሚጠፋ

አሁን ወደ አድራሻው እንሂድ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ክፍል ይህ ነው። እኔ ግን ለዚህ ነገር ልቤ ያደላል፤ ምክንያቱም አንዴ ከገባችሁ ብዙ እንቆቅልሽ ይፈታል።

ማንኛውም መሣሪያ ዋይፋይ ላይ ሲገባ ራውተሩ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ይሰጠዋል። ስጦታ አይደለም፣ ኪራይ ነው። የኪራይ ዘመን አለው፤ አንድ ሰዓት፣ አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ እንደ ራውተሩ። ዘመኑ ከማለቁ በፊት መሣሪያው «አድስልኝ» ማለት አለበት። ካላደሰ ራውተሩ አድራሻውን ለሌላ ሊሰጠው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2010 የመጀመሪያው አይፓድ ለገበያ ሲወጣ ልክ በዚህ ነገር ተያዘ። አሜሪካ የሚገኘው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የኔትወርክ ባለሙያዎች አዲሶቹን አይፓዶች ሲከታተሉ አንድ ነገር አዩ። ታብሌቶቹ ኪራዩ አልቆም አድራሻውን አይለቁም። የኪራይ ዘመኑ ያለቀበት ተከራይ ቁልፉን ይዞ ቤቱ ውስጥ እንደተቀመጠ ማለት ነው። አድራሻው ለሌላ ሰው ሲሰጥ ሁለት መሣሪያ በአንድ ቁጥር ይጋጫሉ፤ ምንም ያላጠፋው ሰው ግንኙነቱ ይበላሻል። ዩኒቨርሲቲው አንዳንዶቹን ከኔትወርኩ እስከ ማገድ ደረሰ። አፕልም በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የዋይፋይ ማሻሻያ ያለበት አዲስ ሶፍትዌር አወጣ። ስለዚህ «ሶፍትዌሩን አዘምን» የሚለውን ምክር እንደ ዋዛ አትዩት። አንዳንዴ መድኃኒቱ እሱ ብቻ ነው።

በቤታችን የሚያጋጥመው ደግሞ ይህን ይመስላል። በበዓል ቀን ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል። ሁሉም ፓስወርድ ይጠይቃል። ኪስ ውስጥ የሚያዝ ትንሽ የ4ጂ ራውተር ከሆነ ብዙዎቹ 10 መሣሪያ አካባቢ ሲደርሱ በቃኝ ይላሉ። ቀድሞ የተኛው ታብሌት ሲነቃ ቦታው ተይዟል። የዋይፋዩን ዝርዝር መረጃ ክፈቱና የታብሌቱን አይፒ አድራሻ እዩ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ታብሌቱ አድራሻ ለምኖ ያጣ፣ ለራሱ የዘፈቀደ ቁጥር የሰጠ ነው። ሲግናል ሙሉ ሆኖ ምንም የማይከፍተው ለዚህ ነው። ጥቂት መሣሪያዎችን አስወጡ፣ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት።

ሌላው የአድራሻ ጣጣ ከጎረቤት ጋር መስመር ሲጋሩ የሚመጣ ነው። አንዱ ቤት ያለው ራውተር ላይ በገመድ ሁለተኛ ራውተር ይቀጠላል። ገመዱ የተሰካው የተሳሳተ ቀዳዳ ላይ ከሆነ ሁለቱም ራውተሮች አድራሻ ማደል ይጀምራሉ። ታብሌቱ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ይቀበላል። አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ከሁለቱ አንዱ ማደሉን እንዲያቆም በሴቲንጉ ማድረግ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ብትጠሩ ይሻላል።

በስልክ ሆትስፖት (ስልኩ ዳታውን በዋይፋይ ሲያካፍል) የምትጠቀሙ ደግሞ ስልኩን ተጠራጠሩ። ታብሌቱ ሲተኛ ስልኩ «የሚጠቀም የለም» ብሎ ሆትስፖቱን ያጠፋዋል። አንድሮይድ ስልክ ላይ በሆትስፖቱ ሴቲንግ ውስጥ በራሱ እንዲጠፋ የሚያደርገውን ምርጫ አንሱት። አይፎን ከሆነ የሆትስፖቱን ገጽ ከፍታችሁ ታብሌቱ እስኪገባ ጠብቁ። ታብሌቱ አሮጌ ከሆነ እዚያው ገጽ ላይ «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የምትለዋን አብሯት፤ ሆትስፖቱን ወደ 2.4 ታወርደዋለች።

ተገናኝቶ ምንም የማይከፍት

ባትሪው ሙሉ በሙሉ አልቆ ለቀናት የቆየ ታብሌት ሲበራ ቀኑ ሊዛባ ይችላል። ዋይፋይ ይገባል። ገጾች ግን አይከፈቱም፤ ከቀኑ ወይም ከደህንነት ጋር የተያያዘ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ምክንያቱም ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት አለው። ወረቀቱ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል ይላል። ታብሌቱ ቀኑን በራሱ ካላንደር ያመሳክራል።

እኛ ዘንድ ይህ የራሱ መልክ አለው። ቀኑን በእጁ የሚያስተካክል ሰው ዓመቱን በኛ አቆጣጠር ያስገባል። 2017 ብሎ ሲያስገባ ታብሌቱ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ያኔ የድረ ገጾቹ የምስክር ወረቀት ገና ያልተጻፈ ይሆንበታል። «ዋይፋዩ ተበላሸ» ተብሎ ወደ ጥገና የተወሰደ ታብሌት በዚህ ምክንያት እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ቀንና ሰዓቱ ከኔትወርክ በራሱ እንዲወስድ አድርጉት። የኛን ቀን ማየት ለሚፈልግ የኢትዮጵያ ካላንደር አፕ አለለት።

ከራውተሩ ራስ

ሁሉም መሣሪያ አብሮ የሚጠፋ ከሆነና ራውተሩ መብራቶቹን አጥፍቶ እንደ አዲስ የሚነሳ ከሆነ አዳፕተሩን እዩ። ዋናው ተቃጥሎ በሌላ የተተካ አዳፕተር ስንት ቤት አለ። ቮልቱ ከራውተሩ ጋር እኩል መሆን አለበት። አምፔሩ ራውተሩ ከሚጠይቀው ማነስ የለበትም። 12 ቮልትና 1 አምፔር የሚል ራውተር ላይ ግማሽ አምፔር ብትሰኩ ይበራል። ሰው በዝቶ ሥራ ሲበዛበት ግን አቅም ያጥረውና ይወድቃል።

ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን በመርፌ የምትጫን ቀዳዳ ግን እባካችሁ አትንኳት። አጥፍቶ ማብራት አንድ ነገር ነው፣ ሪሴት ሌላ ነገር ነው። በሪሴት የዋይፋይ ፓስወርዳችሁ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። መስመሩን ያስገባው ድርጅት የሞላው የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ የታብሌት ችግር የነበረው የቤቱ ሁሉ ችግር ይሆናል። ባለሙያ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

ታብሌቱ ላይ ግን ሁለት ደረጃዎች አሉ። ቀላሉ ዋይፋዩን «ፎርጌት» ብሎ ፓስወርዱን እንደገና ማስገባት ነው። የራውተሩ ፓስወርድ ወይም የደህንነት ዓይነት ከተቀየረ በኋላ የሚመጣ ችግር በዚህ ይለቃል። ከበድ ያለው የኔትወርክ ሴቲንግን ብቻ ሪሴት ማድረግ ነው። ፎቶና አፕ አይነካም፤ የተቀመጡ የዋይፋይ ፓስወርዶችና የብሉቱዝ ትስስሮች ግን ይጠፋሉ። ፓስወርዱን ሳታውቁት አትጀምሩ።

የአክስቴ ደብተር

በአራተኛው ቀን ሄድኩ። ደብተሩን ከመነጽራቸው ጋር ይዘው ጠበቁኝ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

«ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል። መብራት ሄዶ መጣ። ጠፋ። ልጅቷ ሳጥኑን አጥፍታ አበራችው፣ መጣ።»

«ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት። መብራት ሄዶ መጣ። አልጠፋም።»

«ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት። መብራት ሄዶ መጣ። ጠፋ። የኛ ስም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የጎረቤቶቹ ስም አለ።»

የመጨረሻዋን መስመር ሁለቴ አነበብኳት። ፓስወርድ ቢሆን ስሙ ይታይ ነበር። ሲግናል ቢሆን ከሩቅ ያለው የጎረቤት ስም እየታየ የአጠገቡ አይጠፋም። አድራሻም አይደለም። ታብሌቱ የራሱን ራውተር ጭራሽ አያየውም። መብራት በመጣ ቁጥር ደግሞ አይደለም፣ አንዳንዴ ብቻ።

በልጅቷ ስልክ የራውተሩን ገጽ ከፈትኩ። 2.4 ብቻ የሚያሰራጭ ራውተር ነው። ቻናሉ በራሱ እንዲመርጥ ተደርጓል። ያን ሰዓት የመረጠው 13 ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የሚጠቀመው ከ1 እስከ 11 ያሉትን ቻናሎች ነው። ለዚያ ገበያ ከተሠሩ ታብሌቶች አንዳንዶቹ 12ንና 13ን አይሰሙም። የአክስቴ ራውተር መብራት ሄዶ ሲመጣ አዲስ ቻናል ይመርጣል። 1 ወይም 6 ከደረሰው ታብሌቱ ያየዋል። 13 ከደረሰው ለታብሌቱ ራውተሩ የለም ማለት ነው። እዚህ የተገዛው የልጅቷ ስልክ 13ን ስለሚሰማ ምንም አልታወቀውም።

ከጎረቤቶቹ ብዙዎቹ 6 ላይ ስለነበሩ ቻናሉን 1 ላይ አሰርኩት። ሴቭ አደረግኩ። ራውተሩን አምስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት። አምስቱንም ጊዜ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ተመልሶ መጣ። ቡና ተፈላ። አክስቴ ግን ደብተራቸውን አልዘጉም፤ «ነገም እጽፋለሁ» አሉኝ።

በማግሥቱ ማታ ልጅቷ የገጹን ፎቶ ላከችልኝ። «ዓርብ። መብራት ሁለቴ ሄዶ መጣ። አልጠፋም።»